ማክዳ በአርባ አራት ሣጥን

ሸራው ሲዘረጋ ርዝመቱ 160 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 92 ነው። ዙሪያውን ከሁለት ጣት ያነሰ ባዶ ኅዳግ ተትቶለታል። የቀረው ሁሉ በቀይ መስመር ተከፋፍሏል፤ ወደ ጎን አሥራ አንድ፣ ወደ ታች አራት፣ በድምሩ 44 ሣጥን። የአንዱ ሣጥን ስፋት 14፣ ቁመቱ 22 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከቁመቱ 19ኙ ለሥዕሉ፣ 3ቱ ለጽሑፉ ተመድበዋል። መስመሮቹ በማስመሪያ አልተሰመሩም። ከሰል የተቀባ ክር ተወጥሮ፣ ብድግ ተደርጎ ሲለቀቅ የሚተወው ጥቁር ምልክት በአንዳንድ ቦታ ከቀዩ ሥር ብቅ ይላል።

ታሪኩ የንግሥተ ሳባ፣ የማክዳ ነው። ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በመጀመሪያው ሣጥን ሕዝብ ለዘንዶ ይሰግዳል፤ በመጨረሻው ልጇ ቀዳማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ይህ ዓይነት ሥዕል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለገበያ ሲሣል ኖሯል። ከቀደምቶቹ ሠዓሊዎች የበላቸው ይመር ስም ይነሣል። አርባ አራት ሣጥንም የተለመደ ልክ ሆኖ ቀረ። ኮሚክ የሚለው ስም ሳይደርሰን ሥራው እጃችን ላይ ነበር።

ይህኛው የተሰቀለው ሮቢት ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ መንገዱ መሐሏን ሰንጥቋት ያልፋል። ሸራው ያለው አንዲት ቡና ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቷ አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ ገዝተው ያመጡት ነው። የቤቱ ደንበኞች ሣጥን በሣጥን ያውቁታል። ያውቁታል ብቻ ሳይሆን ይከራከሩበታል። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሠዓሊው ታሪኩን ጠበቀ ወይስ ለወጠ?

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ታሪኩ አንድ ሲሆን ነው። የማክዳ ግን ብዙ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የንግሥቲቱ ጉዞ በ13 ቁጥሮች ያልቃል። መጣች፣ በእንቆቅልሽ ፈተነችው፣ ስጦታ ሰጠች፣ ተመለሰች። ስሟ አልተጠራም፤ ልጅም የለም። ክብረ ነገሥት ይህንን የ117 ምዕራፍ ድርሳን አካል አደረገው። ግእዙን ያዘጋጁት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ረዳቶቻቸው፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከዐረብኛ መለስነው ብለው ጽፈዋል። ማክዳ የሚለው ስም፣ ነጋዴው ታምሪን፣ ቀለበቱ፣ የታቦቱ ጉዞ ከዚያ ይመጣሉ። ሦስተኛው ምንጭ የአፍ ትረካው ነው። ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከሰሜን በትግረ ቋንቋ የተነገረውን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እዚያ ዘንዶ አለ። የዘንዶው ደም ነክቶት እንደ አህያ ሰኮና የሆነ እግር አለ። መስታወት አለ።

ክብረ ነገሥት ዘንዶ የለውም። ሸራው ላይ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ አሥራ አንድ ሣጥኖች ስምንቱን የያዘው ዘንዶው ነው። ዲቁና የተማረው ወጣት ደንበኛ የሚነሣው በዚህ ነው። በእሱ አስተያየት ሥዕሉ መጀመር ያለበት ከአሥረኛው ሣጥን፣ ከታምሪን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ተረት ነው። ክርክሩ መሠረት አለው። መጽሐፉ ቀላል መጽሐፍ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት መሐል የክብረ ነገሥት ቅጂ ነበረ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ጽፈው፣ የአገሬ ሕግ በእሱ ነው፣ ያለ እሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው አስመልሰውታል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የዘውዱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ቆጥሯል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፊት ዘንዶ ይዞ መቅረብ ድፍረት ይመስላል።

ዘንዶውን ግን ሠዓሊው አልፈጠረውም። የነገሥታት ዝርዝር የያዙ የብራና ጽሑፎች ቆጠራቸውን ከአርዌ፣ ከዘንዶው ይጀምራሉ፤ 400 ዓመት ገዛ ይላሉ። ዘንዶውን የገደለው አንጋቦ ወይም አጋቦስ ነግሦ ልጁን ማክዳን የተካው በዚያ ወገን ትውፊት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ፊቱ የነበረው ሥራ መምረጥ አልነበረም። ሁለት የታወቁ ታሪኮችን አንድ ሸራ ላይ ማጋጠም ነበር። ጥበቡም መታየት ያለበት መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ዘጠነኛው ሣጥን ላይ።

ሣጥኑ እንዲህ ነው። አጋቦስ በግራ በኩል አልጋ ላይ ተኝቷል። ልጁ በቀኝ ቆማለች። ዘውዱ በሁለቱ እጆች መካከል ነው። ከግራው መስመር እስከ ዘውዱ መሐል 7 ሳንቲ ሜትር አለ፤ እስከ ቀኙም 7። ዘውዱን የሰጪው ሦስት ጣት፣ የተቀባይዋ ሦስት ጣት ይዘውታል። ማንም ገና አልለቀቀም፤ ማንም ገና አልወሰደም። አባትየው የለበሰው አረንጓዴ ካባ ዘንዶው በሞተበት በሰባተኛው ሣጥን ትከሻው ላይ ያየነው ነው። አሥረኛው ሣጥን ላይ ያንኑ ካባ ማክዳ ለብሳዋለች፤ ታምሪንም እፊቷ ቆሟል። የዙፋኑ እግር አራት ነው፤ ቀለሙ ቢጫ ነው፤ በስምንተኛው የአጋቦስ፣ በአሥረኛው የማክዳ። ዓይን ካባውንና ዙፋኑን ተከትሎ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበር እንዳለፈ አያውቅም። ስፌቱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ልብስ ማለት ይህ ነው።

አሥረኛው ሣጥን ላይ ታምሪን ያመጣው ዕቃ መሬት ላይ ተደርድሯል። ከዚህ በኋላ ቋንቋው የመጽሐፉ ነው፤ ግን ሠዓሊው የእጅ አጣጣሉን አልቀየረም። ያው ጥቁር መስመር፣ ያው ጥላ የሌለው ገጽታ፣ ያው ረዣዥም ጣት። ዘንዶው በተረት እጅ፣ ንግሥቲቱ በመጽሐፍ እጅ ቢሣሉ ኖሮ መጋጠሚያው ይፈነዳ ነበር።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ከሸራው ራሱ ማንበብ ይቻላል። ጨርቁ አቡጀዲ ነው። ጀርባው ሲዳሰስ ሙጫው ክሩ ውስጥ ገብቶ አጠንክሮታል። ፊቱ ላይ ስስ ነጭ ልስን አለ፤ በተጠቀለለበት አቅጣጫ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ልስኑ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ይረግፍ ነበር። ንድፉ በእርሳስ ነው። ቀለሙ የተቀባው ሣጥን በሣጥን አይደለም፤ ቀለም በቀለም ነው። ቀዩ በ44ቱም ሣጥኖች አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ጊዜ ተበጥብጦ በአንድ ዙር የተቀባ ነው። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ቀዩ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል፤ ቢጫው በላዩ ላይ አልፎ ሸፍኖታል። ስለዚህ ቢጫው ከቀዩ በኋላ ነው። ጥቁሩ መስመር ከሁሉም በላይ ነው። የዓይኑ ብሌን ደግሞ ከጥቁሩም መስመር በኋላ ገብቷል፤ አንዳንዱ ብሌን የላይኛውን ሽፋሽፍት መስመር ነክቶታል። ጽሑፉ መጨረሻ ነው። አሥራ አራተኛው ሣጥን ላይ ቦታ አልበቃም፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ እየጠበቡ ሄደው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመስመሩ ጋር ተጣብቀዋል። አልተሰረዘም። አልተቆረጠም።

ዓይን ራሱ ፍርድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሸራው ይህን ልማድ ይዟል። ዘንዶው አንድ ዓይን አለው። ታቦቱን ፍለጋ የሚያሳድዱት ሰዎች አንዳንድ ዓይን አላቸው። ታቦቱን ከኢየሩሳሌም ሰርቆ የሚያወጣው የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ግን ሁለት ዓይን አለው። ሌባ በሁለት ዓይን! ይህ የሠዓሊው ግድየለሽነት አይደለም። በክብረ ነገሥት አዛርያስን የሚያነሣው መልአክ ነው፤ ነገሩ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ሠዓሊው ረጅሙን ማብራሪያ በአንድ ብሌን ጨረሰው። ዲያቆኑም ይህችን ሣጥን ሲያይ ዝም ይላል።

ዝም የማይልበት ሁለተኛ ቦታ ሌሊቱ ነው። ታሪኩ የታወቀ ነው። ሰሎሞን በርበሬና ኮምጣጤ የበዛበት እራት ያቀርባል። ማክዳ ከቤቱ ምንም ላትወስድ ትምላለች፤ እሱም ላይነካት ይምላል። ሌሊት ይጠማታል፤ ውኃ ትጠጣለች፤ መሐላው ይፈርሳል። በመጽሐፉ ያለችው ንግሥቲቱ ናት። ሸራው ላይ ከእሷ በፊት ገረዷ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ ትያዛለች። ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ናቸው። አልጋው አንድ ነው፤ የአልጋው መጋረጃ አንድ ነው፤ ገንቦው አንድ ነው። የተለወጠው የገንቦው ቦታ ነው። በገረዷ ሣጥን በሩ አጠገብ ነው፤ በማክዳ ሣጥን አራት ጣት ወደ አልጋው ቀርቧል። ማን እንዳቀረበው ጽሑፉ አይናገርም። የገረዷ ገጽታ በቀጭን መስመር፣ ከንግሥቲቱ አንድ ራስ ዝቅ ብሎ ተሥሏል። ዓይኗ ግን ሁለት ነው።

ዲያቆኑ ይህች ሣጥን ትውጣ ይላል። ሌላው ደንበኛ፣ ዘመዶቹ ላስታ ያሉት፣ አይሆንም ይላል። የዛጉዬ ነገሥታት ከሰሎሞንና ከንግሥቲቱ ገረድ ይወለዳሉ የሚል ትውፊት አለ። ላስታ ሮቢት ካለችበት ከራያ ሜዳ በስተምዕራብ የሚታየው ተራራ ነው። ሣጥኗ ከወጣች የላሊበላ ዘር ከየት ሊመጣ ነው? እዚህ አካባቢ ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። አንድ ሣጥን አንድ ሥርወ መንግሥት ተሸክሟል። ሠዓሊው 14 ሳንቲ ሜትር ሲሰጣት ምን እያደረገ እንደነበር የሚያውቅ ይመስለኛል።

ይህ ዓይነት ሙግት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ሃዋርድ ኮናን የተባለውን ጦረኛ በ1932 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ልብ ወለድ አስተዋወቀው። ማርቭል የተባለው አሳታሚ በ1970 ወደ ኮሚክ አመጣው፤ ጸሐፊው ሮይ ቶማስ፣ ሠዓሊው ባሪ ስሚዝ ነበሩ። አንባቢዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የራስ ቁሩ ቀንድ፣ የፀጉሩ አቆራረጥ፣ የንግግሩ ቁጥብነት ከደራሲው ጋር ይስማማል አይስማማም እያሉ ይሟገታሉ። ከሁሉ የሚገርመው የሬድ ሶንያ ነገር ነው። ሃዋርድ ሶንያ የተባለች ሴት ጽፎ ነበር፤ ግን በሌላ ታሪክ፣ በ1529 ቪየና በተከበበችበት ጊዜ፣ ሽጉጥ ይዛ። በ1973 ኮሚኩ እሷን አንሥቶ ከኮናን ዘመን ጋር አጋጠማት፤ ሽጉጡን ጣለች፣ ሰይፍ ያዘች። አንድ ሰው ከጻፈው ከሁለት ቦታ ተወስዶ አንድ ሆነ። መጋጠሚያው ስለሠመረ ዛሬ ብዙ አንባቢ ሶንያን ከመጀመሪያው የኮናን ዘመን ሰው አድርጎ ያውቃታል። አጋቦስና ማክዳ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ወደ ሮቢት እንመለስ። እዚህ ያለው ሦስተኛው ክርክር ሌላ ቦታ የማይነሣ ነው። ጉዳዩ ግመል ነው።

የራያ ቆላ በላስታ ደጋና በአፋር በረሃ መካከል የተዘረጋ የማሽላ ሜዳ ነው። ግመል እዚህ ሥዕል አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ነገር ነው። ከደንበኞቹ አንዱ በግመል ሲነግዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። መጽሐፉን አይጠቅሱም። ሸራው ፊት ቆመው አሥራ ሦስተኛውን ሣጥን፣ ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም የምትጓዝበትን፣ በብትራቸው ጫፍ ያሳያሉ። መጽሐፉ 797 ግመል ተጫነ ይላል። ሠዓሊው የሣለው ሦስት ነው። አዛውንቱ በቁጥሩ አይከራከሩም፤ ሦስቱን የሣለበትን ብልሃት እንዲያውም ይወዱታል። ሦስት ራስ አለ፤ እግር ግን ዘጠኝ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ከፊተኛው ግመል ኋላ ወይም ከሣጥኑ መስመር ወዲያ ተሸሽገዋል። ራሶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ እኩል እኩል ወጥተዋል። የመጨረሻው ግመል ግማሽ አካል በሣጥኑ መስመር ተቆርጧል። መቆረጡ ሰልፉ ከመስመሩ ወዲያ እንደሚቀጥል ይናገራል።

«እግሩ ግን የበቅሎ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። የግመል ጭን ከሆዱ ተለይቶ፣ እስከ ላይ ድረስ ብቻውን የወረደ ነው። ሠዓሊው ከሆዱ ጋር በቆዳ አያይዞታል፤ ደጋ ላይ እንደሚያየው እንደ በቅሎ። መርገጫውን ደግሞ ክብ ሰኮና አድርጎታል። የግመል መርገጫ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ጣት አለው። ሰኮና ያለው እንስሳ አሸዋ ላይ ይሰምጣል። አዛውንቱ ቀጥለው ጭነቱን ያያሉ። በግራ ሁለት ከረጢት፣ በቀኝ ሁለት፤ ይህ ተመዛዝኗል። ገመዱ ከሻኛው ፊትና ኋላ አልፏል፤ ይህም ልክ ነው። «ጭነቱን ያየ ሰው ነው፤ ግመሉን ግን ሲያራግፉት እንጂ ሲሄድ አላየውም» ብለው ፍርድ ይሰጣሉ።

ይህ ፍርድ ከዲያቆኑ ፍርድ ይለያል። ዲያቆኑ ሥዕሉን ከመጽሐፍ ጋር ያስተያየዋል። አዛውንቱ ከእንስሳው ጋር። የላስታው ሰው ከዘሩ ጋር። ሦስቱም ታማኝነት የሚሉት የተለያየ ነገር ነው፤ የሦስቱም መለኪያ በየራሱ ትክክል ነው። አንድ ሸራ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊያረካ አይችልም። የተዋጣለት ሥራ ግን የትኛውን መለኪያ የት እንደሚያስቀድም ያውቃል።

ቁልቋሉን እንይ። አራተኛው ሣጥን ላይ አጋቦስ ለዘንዶው የሚሰጠውን ፍየል ሊመርዝ ቁልቋል ይቆርጣል። ወተቱ በሰባት ነጭ ነጠብጣብ ተመልክቷል፤ ከላይ ያሉት ትናንሽ፣ ታች ያሉት ተለቅ ያሉ። አጋቦስ እጁን ዘርግቷል፤ አንገቱን ግን ወደ ኋላ መልሷል። ቁልቋል ያለበት አገር ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ይህን ዝርዝር ከመጽሐፍ አላገኘውም። ካየው ነው። አዛውንቱም ስለዚህ ሣጥን ቃል አይወጣቸውም።

ከሌሊቱ ታሪክ በኋላ የማክዳ ልጅ ምኒልክ ያድጋል። በክብረ ነገሥት ማክዳ በዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ትወልደዋለች፤ 22 ዓመት ሲሆነው ሰሎሞን የሰጣትን ቀለበት ይዞ ይሄዳል። በአፍ ትረካው የሚይዘው መስታወት ነው፤ ሰሎሞን ሌላ ሰው ዙፋን ላይ አስቀምጦ ራሱ ይደበቃል፤ ልጁ ፊቱን በመስታወት እያየ የሚመስለውን ይፈልጋል። ሠዓሊው ሁለቱንም ሰጠው። ቀለበቱ በግራ እጁ ነው፣ መስታወቱ በቀኙ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት የአንድ ሽንብራ ፍሬ ያህል ነው፤ ግን ዓይን፣ አፍንጫና ጢም አለው። ልጁ ጢም የለውም። ሠዓሊው መስታወቱ ውስጥ የሣለው የአባቱን ፊት ነው። ይህ በየትኛውም ምንጭ አላጋጠመኝም፤ ግን ሁለቱን ምንጮች በአንድ እርምጃ ያስታረቀ ነው። ቀለበቱ ማን እንደላከው ይመሰክራል፤ መስታወቱ ማን እንደሆነ።

ጨርሶ ክርክር የማይነሣባቸው ሣጥኖች አራተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ታቦቱ ከኢየሩሳሌም ይወጣል። በአምስት ሣጥን ይታያል፤ በአምስቱም እንደተሸፈነ ነው። ሠዓሊው የሣለው መጎናጸፊያውን ብቻ ነው። ቀይ ጨርቅ፣ ዳሩ ቢጫ፣ እጥፋቱ በስድስት ጥቁር መስመር። መስመሮቹ በአምስቱም ሣጥን ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ርቀታቸውም አንድ ነው። ተሸካሚዎቹ ይለዋወጣሉ፣ መንገዱ ይለዋወጣል፣ ጨርቁ አይለወጥም። ዘንዶ የጨመረ፣ ገረድ ያስገባ፣ መስታወትን ከቀለበት ጋር ያስማማ እጅ እዚህ ላይ ምንም አልጨመረም።

የሠዓሊው ታማኝነት የሚለካው በዚህ ይመስለኛል፦ በሚለውጠውና በማይነካው መካከል መስመር በማበጀቱ፣ መስመሩንም ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ መጨረሻው በመጠበቁ። የግመሉን እግር ግመል የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ በግማሽ ቀን ያርመዋል። አሥራ አራተኛው ሣጥን ላይ የጠበበው ጽሑፍም በደህና ማስመሪያ ይስተካከላል። ዘጠነኛውን ሣጥን ለማረም ግን ሁለቱን ታሪኮች እንደገና መለያየት ያስፈልጋል፤ ዲያቆኑም ቢሆን እስካሁን ያንን አልጠየቀም።